ወፍራሙን ድምፅ ያሳለፉት አያ ኢድሪስ

አያ ኢድሪስ ያረፉት በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ከመተማ ዮሐንስ ጭነት ይዞ የመጣ ሹፌር ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ቤታችን በር ላይ መኪናውን አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "የፍሬ እናት፣ ባሽሙሀንዲሱ አለፉ። ትናንት ተቀበሩ" አለኝ። ባሽሙሀንዲስ ሱዳኖች መኪና ለሚያድሰውም ሬዲዮ ለሚጠግነውም የሚሰጡት ማዕረግ ነው። መተማ ላይ ለአያ ኢድሪስ ሲባል ግማሹ ክብር፣ ግማሹ ቀልድ ነበር።

አማተብሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። እሳቸው ከታመሙ ሰንብተው ስለነበር ልጄ ፊቴን እንዳየች ገባት። ከንፈሬን ማንቀሳቀስ አላስፈለገኝም።

ስለ እሳቸው የሚወራው አጭር ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ ቁጡ ነበሩ ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ አውቃለሁ፤ ዝም ካልሁ ደግሞ ሌላ የሚናገረው የለም።

ሬዲዮ ቤታቸው ያን ጊዜ በምንኖርበት በመተማ ዮሐንስ፣ ከገበያው ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሚያዝያ ላይ ግድግዳዋ እጅ አያስነካም። እሳቸው ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ተተክቷል። ነጩ ጀለቢያቸው ከጉልበቱ በላይ የቀለጠ የብየዳ ስታኞ እየተፈናጠረ የበሳቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ሥራውን በወጣትነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ከአንድ ሽማግሌ እንደተማሩ ይናገሩ ነበር።

ቴፕ ወይም ሬዲዮ ሲመጣላቸው ጆሯቸውን አያቀርቡም። ያስከፍቱትና መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳርፈው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰው ሲያያቸው የታመመ ሕፃን ትኩሳት የሚለኩ ይመስል ነበር። ከዚያ ወይ "ደኅና ነው፣ ውሰደው" ይላሉ፣ ወይ ካቻቢቴያቸውን ያነሣሉ።

አንድ ቀን መጠጥ ቤት ያለው ሰው ቴፕ ይዞ መጣ። እኔ ቆሜ ተራ እጠብቅ ነበር።

"አያ ኢድሪስ፣ እንዲጮህ አድርገው ይሥሩልኝ። ከጎረቤቴ ቤት በላይ ይጩህ" አላቸው።

"ጩኸት ነው የምትፈልገው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አህያ ግዛ። ባትሪም አይፈልግም።"

ሰውዬው ተቆጥቶ ወጣ። በሳምንቱ ተመለሰ። ሌላ ቦታ አስጩኾት ስፒከሩ ተቀዶ ነበር። አያ ኢድሪስ ሳይስቁ ተቀበሉት። "ድምፁን ሙሉ አደርግልሃለሁ፤ ጩኸት ግን ከእኔ አታገኝም" አሉት።

ሙሉ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማንኛውንም ቴፕ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ወደ ስፒከሩ በሚሄደው ሽቦ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠውን ካፓሲተር ነበር። ትንሽ በርሜል ትመስላለች።

"እቺ ኬላ ናት" ይሉ ነበር። "የባትሪው ጉልበት አልፎ ስፒከሩን እንዳያቃጥል ታስቀራለች፤ ድምፁን ግን ታሳልፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ፋብሪካው ግን ለቁጠባ ብሎ ያሳንሳታል። ካነሰች ደግሞ ቀጭኑን እያሳለፈች ወፍራሙን ትመልሳለች። እልልታው ይመጣል፣ ከበሮው ይቀራል። ሰውዬው ከበሮውን መትቶታል፣ ደክሞበታል። እቺ ማን ሆና ነው የምትመልሰው?"

ይህን የሚናገሩት ተናደው ነው። ዕቃ ያጠፋ ሰው እንኳ እንደዚያ አያናድዳቸውም ነበር።

ሁለት መቶ ሃያ የተጻፈባትን አውጥተው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ የተጻፈባትን ይተካሉ። ቁጥሩ ብቻ አይበቃቸውም። ሆዷን አገላብጠው የምትችለውን ሙቀት ያነባሉ። መቶ አምስት የሚል ካለ ይይዟታል። ሰማንያ አምስት ካለ፣ "ይቺ የደጋ ልጅ ናት፣ እዚህ ትደርቃለች" ብለው ይመልሷታል። ቮልቱንም እንዲሁ። "በወረቀት አሥራ ስድስት ይበቃል። እኔ ሃያ አምስት አስገባለሁ። ወረቀቱ መተማን አያውቅም።"

አሁን ስለ ልጄ ልናገር።

ፍሬ በሦስት ዓመቷ ወባ ያዛት። ብዙ ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሷ ተረፈች። ከአልጋዋ ስትነሣ ግን ስጠራት የማትዞር ሆነች። የምታውቃቸው ቃላትም አንድ በአንድ ጠፉባት። ስድስት ዓመት ሲሞላት አንድም አልቀረም። ሠፈሩ ደንቆሮዋ ይላት ጀመር። ክፋት አልነበረውም፤ ስሟ የሆነ መስሏቸው ነው።

ባለቤቴ ኮኪት አካባቢ በአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትራክተሩን እየነዳ ሲመጣ ከሁላችን ቀድማ በር ላይ የምትቆመው ፍሬ ናት። እኔ ትሰማ ይሆናል እያልሁ እጓጓ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ግን፣ "በእግሯ ነው ልጄ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነው የምታውቀው። ልብሽን አታድክሚ" አለችኝ። ትልቅ ሴት ናት፣ አመንኋት። ጠበል አስጠመቅኋት፣ ጾምሁ፣ ተሳልሁ፣ ጠበቅሁ።

አንድ የገበያ ቀን እጇ ከእጄ አመለጠ። ስፈልግ ቆይቼ አያ ኢድሪስ በር ላይ አገኘኋት። አንድ ትልቅ ስፒከር ውጭ አውጥተው ይሞክሩ ነበር። ፊቷን ወደ ስፒከሩ አስጠግታ ቆማለች፤ አፍንጫዋ ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው።

"ልጅሽ ናት?" አሉኝ።

"አዎ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አትሰማም።"

"ማን ነው አትሰማም ያለሽ?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም ሬዲዮ ጠግኖ ያውቃል?"

እሳቸው ጎንበስ ብለው ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንሰውን ማዞሪያ አዞሩት። ዘፈኑ ቀጠለ፣ ከበሮው ግን ጠፋ። ፍሬ ወዲያው ፊቷን አዙራ ወደ እኔ መጣች። መልሰው አዞሩት። ተመልሳ ሄደች። ሦስት ጊዜ አደረጉት፤ ሦስት ጊዜ ሄዳ ተመለሰች።

"ስሟ ማነው?"

"ፍሬ።"

"ስሚ የፍሬ እናት። ይቺ ልጅ ወፍራሙን ትሰማለች። ቀጭኑን ነው ያጣችው። ያንቺ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። ጥፋቱ ያንቺም የሷም አይደለም።"

እትዬ ዘነቡ የነገረችኝን ነገርኋቸው።

"እግር ነው አሉሽ? እንግዲያው እግሯን ከመሬት እናነሣዋለን። የቤትሽን ቴፕ አምጪ። ከበሮ ያለበት ካሴትም አምጪ።"

"ያለኝ መዝሙር ነው፣ አያ ኢድሪስ።"

"መዝሙር ከበሮ የለውም እንዴ?"

"አለው።"

"ታዲያ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ቴፓችን ትንሽ ነበረች፤ ባለቤቴ ከመጀመሪያ ደመወዙ የገዛልኝ። አያ ኢድሪስ ከፍተው ሁለት መቶ ሃያዋን አወጡ። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ተሻግረው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ የተጻፈባት አዲስ ካፓሲተር አምጥተው በስታኞ አጣበቁ። ከሬዲዮ ቤታቸው አጠገብ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ፍሬን ጆንያው ክምር ላይ አወጧት። ጆንያ ሙሉ ሰሊጥ ምንም ዓይነት ንዝረት አያሳልፍም አሉ። እግሯ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ቴፑንም ከጣሪያው ማገር በገመድ ሰቀሉት፤ ምንም ነገር እንዳይነካ። ጀርባዋን ለቴፑ ሰጥተን አስቀመጥናት።

ወሬው ተሰምቶ ሰው ተሰብስቦ ነበር። እትዬ ዘነቡም መጥታለች።

ካሴቱ ተከፈተ። ፍሬ ግድግዳው ላይ የምትወጣ እንሽላሊት ታያለች። አያ ኢድሪስ ድምፁን ጨመሩ። እንሽላሊቷን ማየት አላቋረጠችም። አቁመው እንደገና ከፈቱ። ምንም የለም።

እትዬ ዘነቡ ትከሻዬን ያዘችኝ። "በቃሽ ልጄ፣ ተይው" አለችኝ። ልጄን አውርጄ ወደ ቤቴ ሄድሁ። አያ ኢድሪስ መዳፋቸውን የተሰቀለው ቴፕ ላይ አድርገው ቆመው ነበር።

በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆምሁ። "መልሱ ይህ ከሆነ ተቀበልሁ" አልሁ። እውነቴን ነበር። ከዚያ በኋላ ልጄን በስሟ መጥራት አቆምሁ፤ እጇን እየሳብሁ ብቻ አወጣት አስገባት ነበር።

በአራተኛው ቀን አያ ኢድሪስ ደጄ መጡ። ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ካፓሲተሯ በመጋዝ ለሁለት ተሰንጥቃ ነበር። ትልቋ በርሜል ውስጥ የጣት ጫፍ የምታክል ትንሽ ካፓሲተር ተቀምጣለች። ዙሪያዋ በወረቀት ተጠቅጥቋል።

"ከውጭ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ይላል" አሉ። "ውስጧ ያለችው ግን ከሁለት መቶ ሃያዋም ታንሳለች። በእጄ ስይዛት ቀለለችኝ። ጽሑፉን አምኜ እጄን አላመንሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።"

"አያ ኢድሪስ፣ ይተዉት። እግዚአብሔር መልሶልኛል" አልኋቸው።

ያን ቀን የተቆጡኝን ያህል ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

"እግዚአብሔር አልመለሰልሽም! የመለሰልሽ የገላባት ነጋዴ ነው!"

ይህን ብለው ሄዱ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ልቤን የገለበጠው ግን የለም።

ነጋዴውን ምን እንዳደረጉት ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ሱቁ ገብተው የተሰነጠቀችውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡለት። "ያ ዞል፣ ወንድሜ፣ እኔም እንደ ተዘጋች ነው የገዛኋት፤ ሆዷን በምን ልወቅ?" አላቸው። "ልክ ነህ። አሁን አብረን እንወቅ" ብለው መጋዛቸውን ከጀለቢያቸው ኪስ አወጡ። ሱቁ ውስጥ ያሉትን ካፓሲተሮች አስመጥተው እፊቱ አንድ በአንድ ሰነጠቋቸው። ሁሉም ያው ነበሩ። ገበያተኛው በር ላይ ቆሞ ያያል። ነጋዴው ከዚያ ወዲያ ለአያ ኢድሪስ ዕቃ ሲሸጥ ራሱ አስቀድሞ በእጁ ይመዝን ነበር ይባላል።

እውነተኛዋን ያገኙት መስጊድ ነው። የመስጊዱ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ተቃጥሎ ጓዳ ተጥሎ ነበር። ኢማሙን አስፈቅደው ከሆዱ አንዲት ካፓሲተር አወጡ። አሮጌ ብትሆንም ከባድ ናት። በባትሪ ጉልበት ሞልተው በመለኪያቸው አዩዋት። መርፌው ቀስ እያለ ሲወርድ አሳዩኝ። "ስስታም ናት። የያዘችውን ቶሎ አትለቅም። እንዲህ ያለችውን ነው የምፈልገው" አሉ።

እንደገና መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። የመጣው ሰው ከፊተኛው ያንስ ነበር። እትዬ ዘነቡ ግን አልቀረችም። ፍሬ ጆንያው ላይ እግሯን አንጠልጥላ ጥንቅሽ ታኝካለች። ካሴቱ ተከፈተ። መጀመሪያ ዜማው ብቻ ነበር፤ እሷም ማኘኳን ቀጠለች። ከዚያ ከበሮው ገባ።

ማኘኳን አቆመች።

ጥንቅሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ወደ ታች አላየችም። አንገቷን አዙራ ወደ ላይ፣ ወደ ተሰቀለው ቴፕ አየች። አያ ኢድሪስ ከበሮውን ቀነሱት። ፊቷ ተኮሳተረ። መለሱላት። በጥንቅሹ ጆንያውን ትመታ ጀመር፤ ከከበሮው እኩል ማለት አይቻልም፣ ግን ትከተለዋለች።

አያ ኢድሪስ አልሳቁም፣ አልተደሰቱም። ዞር ብለው፣ "እትዬ ዘነቡ፣ የልጅቱ እግር የት ነው?" አሉ።

እትዬ ዘነቡ የፍሬን እግር ብዙ ጊዜ አየችው። "አየር ላይ ነው" አለች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

የእመቤታችን መዝሙር ከመስጊድ በወጣች ካፓሲተር አልፎ ነው ልጄ ጆሮ የገባው። አንዳንድ ሰው ይህን ባታወሪው ይሻላል ብሎኝ ነበር። በሄድሁበት ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አያ ኢድሪስ ለፍሬ ድምፅ የምታጎላ ሣጥን ሠሩላት። ማይክሮፎን አላት፤ ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫም አላት። በሞተር ሳይክል ባትሪ ትሠራለች። ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ለማዳመጫው ያስገቡት አራት መቶ ሰባ የምትለውን ካፓሲተር ነው።

"ለምን ትልቋን አያስገቡም?" አልኋቸው። አንድ ነገር የተማርሁ መስሎኝ ነበር።

"የስፒከር ሌላ፣ የማዳመጫ ሌላ። ለማዳመጫ ወፍራሙን ለማሳለፍ ይቺ ትበቃለች። ትልቋን ካስገባሁ ሣጥኑ ሲከፈት ዱብ ብሎ ይመታታል። የቀራትን ጆሮ ልምታት?"

እኔንም አስተማሩኝ። "ድምፅሽን አውርጂ። ወደ ሆድሽ መልሺው። ቀጭን ቃል አትምረጪላት። ዱ፣ ቡ፣ ሙ ያለበትን ፈልጊ" አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ማይክሮፎኑን ይዤ እንደ ወንድ ድምፄን አጎርንኜ እናገራታለሁ፤ ከንፈሬን ታያለች። ጎረቤቶቼ የፍሬ እናት ቅስና ልትቀበል ነው እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው አላስቆመኝም። ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች። ዱባ ነበር። እማ ያለችኝ ከዱባ፣ ከሙዝና ከበግ ቀጥላ ነው። አልተቀየምሁም።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ወሰድኋት። አያ ኢድሪስ ሣጥኑን ተሸክመው አብረውን መጡ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብዙ ልጅ፣ ጥቂት ወንበር ነበራቸው።

"ለእንዲህ ዓይነት ልጆች አስተማሪ የለንም። ጎንደር ቢወስዷት ይሻላል" አሉኝ።

"ከዚህ ሣጥን ጋር ትሰማለች" አሉ አያ ኢድሪስ።

"ባትሪ ያለው ነገር ክፍል ውስጥ አላስገባም። ልጆች ይነካኩታል፣ አሲዱ ይፈሳል። ነገ ወላጅ ማንን ነው የሚጠይቀው?"

"እርስዎን ነው" አሉ አያ ኢድሪስ። ከዚያም፣ "መልካም" ብለው ሣጥኑን አንሥተው ወጡ።

እንዲህ በቀላሉ መውጣታቸው ገርሞኝ ተመለስሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሬዲዮ ቤታቸው ተዘግቷል። በሩ ላይ በከሰል፣ "ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተዛውረናል" ተብሎ ተጽፏል። ስሄድ ጠረጴዛቸውን ከአጥሩ ውጭ ያለው ኒም ዛፍ ሥር ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የአንድ ሰው ሬዲዮ ይፈታሉ።

ርእሰ መምህሩ ወጡ።

"አያ ኢድሪስ፣ እዚህ መሥራት አይቻልም።"

"ከአጥሩ ውጭ ነኝ።"

"እስከ መቼ ነው?"

"እስክትገባ።"

"ባትገባስ?"

አያ ኢድሪስ ቀና ብለው ዛፉን አዩት። "ጥላው ጥሩ ነው" አሉ።

የአንደኛ ክፍል መስኮት ከዛፉ ፊት ለፊት ነበር። አስተማሪዋ ወጣት ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን አያ ኢድሪስ ረጅም ሽቦ አምጥተው ማይክሮፎኑን በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፉላት። ተቀብላ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ከዚያም በምታስተምርበት ጊዜ ወደ መስኮቱ ጠጋ ትል ጀመር፤ ሰሌዳውንም ፍሬ ከውጭ እንድታየው አዞረችው። ፍሬ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ደፍታ፣ ፊደሉን አሸዋ ላይ ትጽፋለች። መንገደኛው ቆሞ ያያታል። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣውም ያያታል። አንዳንዱ ይስቃል። አያ ኢድሪስ ለሚስቅ ሰው ዕቃውን ሳይነኩ ይመልሱለት ነበር። "እጄ ሥራ ላይ ነው" ይሉታል።

ስንት ቀን እንደቆዩ አልቆጠርሁም። ከሁለት ሳምንት አያንስም። ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ የትንንሾቹ ዕቃዎች ብሎን አሸዋ ውስጥ ይጠፋባቸዋል። አንድ ቀን፣ "አያ ኢድሪስ፣ ሥራዎ ተበላሸ፣ በእኔ የተነሣ ነው" አልኋቸው።

"በአንቺ የተነሣ አይደለም" አሉኝ። "ሬዲዮ የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ነው የሚያመጣው። ስከፍተው አብዛኛው አልሞተም። አንዲት ነገር ናት መንገድ የዘጋችበት። ሰው ሞቷል ለማለት ይቸኩላል። እኔ ይህን ችኮላ አልወድም። በቃ፣ አልወድም።"

አንድ ረፋድ ርእሰ መምህሩ ወጥተው ፍሬ አጠገብ ቆሙ። አሸዋው ላይ የጻፈችውን አዩ። በጫማቸው ጫፍ አንዱን ፊደል ነኩና ወደ እሷ አዩ። ፍሬ "ቡ" አለች። ሌላውን ነኩ። "ዱ" አለች። ቀጥለው "ሲ"ን ነኩ። እሱን በጆሮዋ አታገኘውም፤ ግን ከአስተማሪዋ ከንፈር ለቅማው ስለነበር አለችው፣ ጠመም አድርጋ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ተሰብስበው በመስኮቱ ያያሉ።

ርእሰ መምህሩ ለእኔ፣ "ነገ ዩኒፎርም ለብሳ ትምጣ" አሉኝ። ወደ አያ ኢድሪስ ዞረው፣ "ሣጥኗ ክዳን ይኑራት" አሉ።

"ክዳን አላት" አሉ አያ ኢድሪስ፣ እጃቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ።

አመሰግናለሁ ሲባሉ አይወዱም ነበር። ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ጊዜ ግን ቅዳሴ ላይ ስማቸውን እያነሣሁ እንደምጸልይ ነገርኋቸው።

"በየትኛው ስም?" አሉኝ።

"አያ ኢድሪስ እያልሁ ነው።"

"እዚያ ላይ በሰማይ ግራ አይጋቡም?"

"አይጋቡም" አልኋቸው። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፍሬ ተማረች። እንደ ሌላው ልጅ በቀላሉ አልነበረም፤ እየወደቀች፣ እየደገመች ነው። ኋላ ጎንደር ወስጄ በመሣሪያ ጆሮዋን አስለካሁ። ባለሙያው በወረቀት ላይ መስመር አሰመረልኝ። በወፍራሙ በኩል መስመሩ ከፍ ብሎ ይሄድና በቀጭኑ በኩል ገደል ይገባል። "ይህን ቀድሞ ያወቀላት የትኛው ሐኪም ነው?" አለኝ። "ሬዲዮ ሠሪ ነው" አልሁት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁን ትቶ ስማቸውን ጠየቀኝ።

ዛሬ ፍሬ ገንዳ ውሃ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ጆሮዋ ላይ ትንሽ መሣሪያ አላት። ትናገራለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ቃሉም አንዳንዱ ይጣመማል። የራሷን ድምፅ መጠን ስለማታውቅ ከፍ አድርጋ ነው የምትናገረው።

ሹፌሩ መርዶውን በነገረን ቀን መኪና ይዘን መተማ ዮሐንስ ወረድን። የአያ ኢድሪስ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ወደ ተቀመጡበት ገባንና ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ከገዳሪፍ የመጣች አንዲት ወጣት፣ የእህታቸው ልጅ፣ ፍሬን በዝግታ፣ "በምን ታውቂያቸዋለሽ?" አለቻት።

ፍሬ ትነግራት ጀመር። ወሬዋን ከሰሊጡ ጆንያ አነሣች። ስለ ሣጥኗ፣ ስለ ዛፉ፣ አሸዋ ላይ ስለጻፈችው ፊደል ነገረቻት። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። በወንዶቹ በኩል ያለው ማጉረምረም ሳይቀር ጸጥ አለ። ሴቶቹ አንገታቸውን እያዞሩ ያዩናል።

አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። በክፋት አልነበረም፣ እንዲያውም አዝነውልን ነው። "ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ በያት እንጂ። ሰው ሁሉ እያያት ነው" አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ትልቅ ሰው ተናግሮኝ መልሼ አላውቅም።

"አልላትም፣ እናቴ" አልኋቸው።

ፍሬ ቀጠለች። እስከ ውጭው መንገድ ይሰማ ነበር።